ጠይቁን፦ መስታወቱን የሚልሰው የትኛው ቀንድ አውጣ ነው?

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ላይ ይገጥማሉ፦ የቤት ውስጥ የዓሣ ገንዳ አረንጓዴ ሲለብስ ቀንድ አውጣ ማስገባት ያዋጣል ወይ? ያዋጣል፣ ግን የትኛውን እንደምታስገቡ ይወስነዋል። ጥያቄዎቹን ትንሽ አሳጥረን ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 60 ሊትር የሚይዝ ገንዳ አለኝ፣ ጋፒ የሚባሉ ትንንሽ ዓሦችና ጥቂት ተክሎች አሉበት። ከሁለት ወር ወዲህ መስታወቱ አረንጓዴ እየለበሰ መከራዬን እያየሁ ነው። ዛሬ ብፈቀፍቀው በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። ዓሣ የሚሸጥልኝ ልጅ "ቀንድ አውጣ ጨምሪበት፣ ጥርግ አድርጎ ይበላልሻል" አለኝ። ሄጄ ሳይ ግን አራት አምስት ዓይነት ነው ያለው። የትኛውን ልውሰድ? ስንትስ?
ግራ የገባኝ

መልስ፦ እህቴ፣ ልጁ አልዋሸሽም፤ የነገረሽ ግን ግማሹን ነው። አልጌ፣ ማለትም ይህ መስታወትሽን የሚያለብሰው አረንጓዴ ነገር፣ ዋና ምግቡ የሆነ ቀንድ አውጣ አለ። አልጌውን ቀመስ አድርጎ ትቶ የዓሣሽን ትራፊ ምግብ ፍለጋ የሚዞርም አለ። ጭራሽ አልጌ የማይነካም አለ። ስለዚህ ገንዘብሽን ከማውጣትሽ በፊት መስታወቱን ጠጋ ብለሽ እዪውና ምን ዓይነት አልጌ እንዳለሽ ለዪ።

በጣት ሲነካ የሚያንሸራትት፣ በስፖንጅ ቶሎ የሚለቅ ስስ አረንጓዴ ሽፋን ከሆነ ደስ ይበልሽ፤ ቀንድ አውጣ የሚወደው እሱን ነው። ቡናማና አቧራ መሳይ ከሆነም ይበሉታል። እሱ ዳያተም ይባላል፣ አዲስ ገንዳ ላይ ይበዛል፣ ገንዳው ሲረጋጋ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። በጥፍር ካልፋቁት የማይነሳ፣ ክብ ክብ ሆኖ የደረቀ አረንጓዴ ነጥብ ከሆነ ግን ስራው ይከብዳል፤ እሱን የሚደፍረው ኔራይት የሚባለው ቀንድ አውጣ ነው፣ ኔራይትም ቢሆን ሁሉንም ስለማይጨርሰው ምላጭ ማንሳትሽ አይቀርም (ገንዳሽ የፕላስቲክ ከሆነ ምላጭ እንዳታስጠጊው፣ ይጫጫራል፣ ያረጀ የፕላስቲክ ካርድ ይበቃል)። ቅጠል ጫፍ ላይ የሚበቅለውን ጥቁር ጢም መሳይ አልጌ አብዛኞቹ ዞር ብለው አያዩትም። ረጅም አረንጓዴ ክር ሆኖ ተክሎቹ ላይ ከተጠመጠመ ደግሞ በእንጨት ጠቅልለሽ አውጪውና ለቀሪው አማኖ የሚባለውን ሽሪምፕ አስቢ፤ ከቀንድ አውጣ እሱ ይሻልሻል። ሰማያዊ የቀላቀለ አረንጓዴ ሆኖ በአንድ ላይ የሚላጥ፣ ሽታውም የሚከረፋ ነገር ካየሽ እሱ ከነጭራሹ ባክቴሪያ ነው፣ ሲያኖባክቴሪያ ይባላል። ቀንድ አውጣ አይበላውም።

አንቺ የገለጽሽው፣ በሳምንት ተመልሶ የሚመጣው የመስታወት ሽፋን፣ የመጀመሪያው ዓይነት ይመስለኛል። እንዲያ ከሆነ ኔራይት ውሰጂ። ዜብራ የሚሉት ባለ ሸንተረሩ፣ ቀንድ ቀንድ ያለው ትንሹ፣ ነጠብጣብ ያለበት፣ ሁሉም ኔራይት ናቸው፤ መልካቸው ይለያይ እንጂ ስራቸው ያው ነው። መጠናቸው ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው፣ ተክል አይበሉም፣ ዓሣ አይነኩም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ ጫጩት አያፈሩም። ሁለት ካስገባሽ ሁለት ናቸው። ይሄ ነገር ምን ያህል ትልቅ ጥቅም እንደሆነ ሦስተኛውን ጥያቄ ስታነቢ ይገባሻል።

ስራውን ማየት ከፈለግሽ መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ሲሄድ ፊት ለፊቱ ሁኚና አፉን ተመልከቺ። ትንሽ ቀዳዳ ትከፈታለች፣ ከውስጥ ምላስ የሚመስል ነገር ወጥቶ መስታወቱን ቧጠጥ ያደርግና ይገባል፣ ደግሞ ይወጣል። ራዱላ ይሉታል፣ ላዩ በዓይን በማይለዩ ጥርሶች ረድፍ በረድፍ የተሞላ ነው። አልጌው ወፈር ያለበት ቦታ ላይ ካለፈ በኋላ የሄደበት መንገድ ግራና ቀኝ እየታጠፈ በጠራ መስታወት ተስሎ ይቀራል። እኔ በበኩሌ ከዓሣው ይልቅ እሱን ሳይ ነው የምቆየው።

ስንት ላልሽው፣ ለ60 ሊትር ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት። ከዚያ በላይ አትግዢ። ኔራይት ምግብ ላይ መራጭ ነው፤ አልጌው ሲያልቅ የዓሣ ምግብ ወይም የተቀቀለ ዝኩኒ ብትሰጪው አንዳንዱ ይበላል፣ አንዳንዱ ዞር ብሎ አያየውም፣ ንጹህ ገንዳ ውስጥም በረሃብ ይሞታል። በዚሁ ምክንያት ገና ትናንት ተሞልቶ አልጌ ያልያዘ ገንዳ ውስጥ ማስገባት በእንስሳው ላይ መፍረድ ነው። ገንዳሽ ክዳን አለው? ከሌለው ክደኚው፣ መውጣት ይወዳሉና ጠዋት ወለል ላይ ታገኚዋለሽ።

ሌሎቹን ባጭሩ። ሚስትሪ የሚባለው ትልቁ፣ ወርቃማም ሰማያዊም የሚሆነው፣ እስከ 5 ሴንቲሜትር ያድጋል፣ ውብ ነው፣ ለማየትም ደስ ይላል፣ አልጌ ላይ ግን ሰነፍ ነው። ትራፊ ምግብ ያነሳል፣ በዚያው ልክ ደግሞ ያቆሽሻል። ለውበቱ ከወደድሽው ግዢው፣ ለጽዳት ግን እንዳትተማመኚበት። ራምስሆርን፣ ያ ጠፍጣፋ ሆኖ የተጠቀለለው፣ ለስላሳ አልጌና የበሰበሰ ቅጠል ደህና አድርጎ ይበላል፣ ይራባል ግን፣ በጣም ይራባል። ትራምፔት የሚሉት ሾጣጣው ቀን አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ውሎ ሌሊት ይወጣል፤ አሸዋውን ማገላበጡ ጥሩ ነው፣ መስታወትሽን ግን አያጸዳልሽም። ቢጫና ቡናማ ቀለበት ያለበትን አሳሲን ደግሞ አልጌ ይበላል ብሎ የሸጠልሽ ሰው ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጊ፤ እሱ ስጋ በል ነው፣ የሚበላውም ሌሎቹን ቀንድ አውጣዎች ነው።

አሁን ልጁ ወዳልነገረሽ ግማሽ እንምጣ። ቀንድ አውጣ አልጌ ሲበላ አልጌው ከገንዳው አይወጣም። የበላውን ይጥለዋል፣ የጣለው ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ተመልሶም ለቀሪው አልጌ ማዳበሪያ ይሆናል። ከገንዳው የሚያወጣው የአንቺ ባልዲ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ ሩብ ያህሉን ውሃ ቀይሪ። ዓሦቹን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጨርሰው የሚበሉትን ያህል ብቻ መግቢ። ከሁሉ በፊት ግን መብራቱን እዪው። ጠዋት በርቶ ሌሊት ስትተኚ ነው የሚጠፋው? እንግዲያው ሌላ ምክንያት አትፈልጊ። በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያህል ቢበራ ይበቃዋል፣ ራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ የሰዓት መቆጣጠሪያ ግጠሚለት፣ ገንዳው መስኮት አጠገብ ሆኖ ፀሐይ የሚመታው ከሆነም አዙሪው። ይህን አድርገሽ ሁለት ኔራይት ካስገባሽ ምላጩን አልፎ አልፎ ብቻ ነው የምታነሺው። ይህን ሳታደርጊ ሃያ ብታስገቢ ለውጥ አታዪም።

ጥያቄ፦ በልጄ ምክር ኔራይት ገዝቼ ነበር። መስታወቱስ ጸዳ። አሁን ግን እንጨቱና ድንጋዩ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ በዝቶብኛል፣ በጣት ቢፍቁት አይለቅም። በሽታ ይሆን?
ጡረተኛው አባት

መልስ፦ አባቴ፣ በሽታ አይደለም፣ አይስጉ። እንቁላል ነው። ሴቷ ኔራይት ሰሊጥ የሚያክል ጠንካራ ነጭ ከረጢት እንጨት ላይ፣ ድንጋይ ላይ፣ ፊልተሩ ላይ፣ አንዳንዴም የጓደኛዋ ቅርፊት ላይ ሳይቀር እየለጠፈች ትሄዳለች። ገንዳዎ ውስጥ አይፈለፈልም፤ ጫጩቶቹ ለማደግ ጨው ያለበት ውሃ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ይበዛብኛል ብለው አያስቡ።

ችግሩ መልኩ ብቻ ነው። መስታወት ላይ ያለውን በምላጭ ያንሱት። እንጨት ላይ ያለው ግን ሙጭጭ ያለ ነው፣ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ቢታገሉት የተወሰነው ይለቅልዎታል፣ የቀረው በጊዜ ብዛት እየፈዘዘ ይሄዳል። ወንድና ሴቷን ከውጭ አይቶ መለየት ስለማይቻል ሻጩን "ወንድ ምረጥልኝ" ቢሉትም ዋጋ የለው። አንድ ብቻ መግዛትም መፍትሔ አይሆንም፣ ሴት ከሆነች ብቻዋንም ትለጥፋለች። ነጥቡ እንቅልፍ የሚነሳዎት ከሆነ ኔራይት ለእርስዎ አይደለም ማለት ነው፣ እውነቱን ለመናገር።

ጥያቄ፦ እኔ ቀንድ አውጣ ገዝቼ አላውቅም! ተክል ነው የገዛሁት። አሁን ገንዳው በጥቃቅን ቀንድ አውጣዎች ተወሯል፣ ስለቅም ውዬ ጠዋት ስነሳ ያው ነው። ማጥፊያ መድኃኒት አለ ይባላል፣ ልጨምር?
የተወረርኩት

መልስ፦ መድኃኒቱን ተው! ሁሉም ባንድ ጊዜ ይሞቱና ይበሰብሳሉ፣ ውሃው በአሞኒያ ይመረዛል፣ ከዚያ በቀንድ አውጣው ፈንታ ዓሣህን ትቀብራለህ።

መጀመሪያ ማን እንደሆነ እንወቅ። አንዱን አውጣና ጫፉን ወደ ላይ፣ አፉን ወደ አንተ አድርገህ ያዘው። የቅርፊቱ አፍ በግራህ በኩል ከዋለ ብላደር የሚሉት ነው። በቀኝህ ከዋለና ቀንዶቹ ሦስት ማዕዘን ከሆኑ ፖንድ ነው። ጠፍጣፋ ሆኖ ከተጠቀለለ ራምስሆርን፣ ረጅም ሾጣጣ ከሆነ ደግሞ ትራምፔት። ብላደርም ፖንድም ራምስሆርንም እያንዳንዳቸው ወንድም ሴትም ናቸው፤ አንዱ ብቻውን ቢቀር እንኳ ሊራባ ይችላል። እንቁላላቸው ዝልግልግ ባለ ግልጽ ነገር ተጠቅልሎ ቅጠል ስር ተለጥፎ ነው የመጣልህ። ትራምፔት ይባስ ብሎ ወንድ ሳያስፈልገው ቀጥታ ጫጩት ይወልዳል።

እንዲህ የሚበዙት የሚበሉት ስላገኙ ነው። ቁጥራቸው የምትጨምረውን ምግብ ልክ ይነግርሃል። ምግቡን በግማሽ ቀንስ፣ ወለሉ ላይ የተጠራቀመውን ቆሻሻ በቱቦ ሳበው። ማታ መብራት ስታጠፋ አንድ ቁራጭ ኪያር በሹካ ወግተህ ወለሉ ላይ አሳርፍ፤ ጠዋት ከነተሳፈሩበት ታወጣዋለህ። እሱን እየደጋገምክ ምግቡን ከቀነስክ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ልዩነቱን ታየዋለህ። አሳሲን ሁለት ሦስት ማስገባትም ይሠራል፣ ቀስ ይላል እንጂ። ኔራይት ካለህ ግን አሳሲኑ እሱንም ሊያጠቃው ይችላል። ቀንድ አውጣ ይበላል ተብሎ ክላውን ሎች የሚባለውን ዓሣ የሚመክሩህን አትስማቸው፤ እስከ 30 ሴንቲሜትር የሚያድግ፣ በመንጋ የሚኖር ዓሣ ነው፣ የት ልታስቀምጠው ነው?

ለወደፊቱ አዲስ ተክል ስትገዛ ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና 1 እጅ ከውሃ 19 እጅ ጋር ቀላቅልና ተክሉን ቢበዛ ለ2 ደቂቃ ንከረው፣ ቅጠሉ ስስ ከሆነ ከዚያም ያነሰ። ከዚያ በደንብ አለቅልቀህ ክሎሪን ማስወገጃ ባለበት ውሃ ውስጥ አቆየው። እንቁላል ሊያመልጥ ስለሚችል ገንዳው ውስጥ ከመትከልህ በፊት ሌላ ዕቃ ውስጥ ሳምንት ሁለት ሳምንት ብታየው ይመረጣል።

አንድ ነገር ግን ልበልህ። አስር ሃያ ራምስሆርን ያለበት ገንዳ የታመመ ገንዳ አይደለም። ሁሉንም ጨርሼ ካላጠፋሁ ካልክ ትግሉ አያልቅም።

ጥያቄ፦ ከወንዝ ወይም ከሐይቅ ዳር ለቅሜ ባመጣስ? በነጻ ነው ብዬ ነው።

መልስ፦ አይሆንም። የቢልሃርዚያ ተውሳክ ወደ ሰው ከመምጣቱ በፊት የሚያድገው ጨው በሌለው ውሃ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው፤ ባዮምፋላሪያ እና ቡሊነስ የሚባሉት ዋነኞቹ ናቸው። ባዮምፋላሪያ ደግሞ ከራምስሆርን ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፣ ሲያዩት ያው ጠፍጣፋ ጥቅልል። ተውሳኩ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይዋኝና በሰው ቆዳ በኩል ይገባል፤ አንተ ደግሞ ገንዳ ስታጸዳ እጅህን እስከ ክርንህ ነው የምትነክረው። ለሰው የሚተርፍ ባይሆን እንኳ ለዓሣህ የሚተርፍ ጥገኛ ይዞ ሊመጣ ይችላል። የገንዳ እርባታ ውስጥ የተፈለፈለውን ግዛ።

የተረፈህን ወንዝ ውስጥ መጣልም እንዲሁ ክልክል ነው በለው። ከሚስትሪ ጋር የሚዛመደው ወርቃማ አፕል ቀንድ አውጣ በ1980 አካባቢ ከደቡብ አሜሪካ ወደ እስያ ለምግብ ተብሎ ተወሰደ፣ አምልጦም የሩዝ ማሳ አወደመ። የአውሮፓ ኅብረት በ2012 የዚያን ወገን ቀንድ አውጣዎች በሙሉ፣ ሚስትሪንም ጨምሮ፣ እንዳይገቡና እንዳይሰራጩ አግዷል።

ጥያቄ፦ የኔራይቴ ቅርፊት ጫፉ ነጭ እየሆነ፣ እየተቦረቦረ ነው። ምን በላው?

መልስ፦ ውሃው ነው የበላው። ቅርፊት ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ አሲድነት ያለው ውሃ ያሟሟዋል። ፒኤቹን፣ ማለትም የአሲድነቱን ልክ፣ ለካ። ከ7 በታች ከሆነ ምክንያቱን አገኘኸው፤ ለኔራይት ከ7 እስከ 8 ባለው ውስጥ ቢሆን ጥሩ ነው። የውሃውን ጥንካሬም አብረህ ለካ፣ ለስላሳ ውሃ ካልሲየም ያንሰዋል። ብዙ እንጨት ያለበትና ለተክል ተብሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚነፋበት ገንዳ ላይ ይሄ ችግር ቶሎ ይመጣል።

ፊልተሩ ውስጥ በከረጢት አድርገህ የተፈጨ ኮራል አስቀምጥ፣ ወይም ለቤት ወፎች የሚሸጠውን ነጭ ካትልቦን ቁራጭ ውሃው ውስጥ ጣል። ባንድ ጊዜ ብዙ አትጨምር፣ ዓሦቹም ለውጡን መልመድ አለባቸው። ጫፉ ላይ የተቦረቦረው አይሽርም፣ እሱ እንዲያው ይቀራል። የምታየው አዲስ የሚያድገውን ነው፤ ቅርፊቱ በአፉ ዙሪያ ነው የሚጨምረው፣ እዚያ ላይ ለስላሳና ቀለሙ የደመቀ ጠርዝ ከታየህ ነገሩ ተስተካክሏል።

ጥያቄ፦ ዓሦቼ ነጭ ነጠብጣብ በሽታ ይዟቸው መድኃኒት ጨመርኩ። ዓሦቹ ዳኑ፣ ቀንድ አውጣዎቹ ግን ወለሉ ላይ ወድቀው አይንቀሳቀሱም። ሞተው ይሆን?

መልስ፦ የመድኃኒቱን ጠርሙስ አንሺና ጀርባውን አንብቢ። ኮፐር ወይም ኮፐር ሰልፌት የሚል ካለበት እሱ መዳብ ነው፤ ዓሣ የሚችለው መጠን ቀንድ አውጣንም ሽሪምፕንም ይገድላል። በይ አሁኑኑ አውጪያቸውና ንጹህ፣ ክሎሪኑ የተወገደለት ውሃ ውስጥ አድርጊያቸው።

መሞት አለመሞታቸውን ለማወቅ አሽቲያቸው። የሞተ ቀንድ አውጣ አፍንጫ ይሰነጥቃል፣ መጠራጠር የለም። ኔራይት አፉን የሚዘጋበት ክዳን አለው፤ በጣትሽ ቀስ ብለሽ ስትነኪው ሰብሰብ ካለ በሕይወት አለ፣ ክዳኑ ልል ብሎ ምንም መልስ ከሌለው አብቅቷል። አንዳንዱ ደግሞ ምንም ሳይሆን ሁለት ሦስት ቀን ዝም ይላል፣ አትቸኩዪ። ጀርባው ላይ ወድቆ ካገኘሽው ግን ገልብጪው፣ ብዙ ኔራይቶች ራሳቸውን ማቃናት ይከብዳቸዋል።

መዳቡ ጠጠሩና የመስታወቱ ማጣበቂያ ላይ ሊቆይ ስለሚችል ውሃውን ደጋግመሽ ቀይሪ፣ ፊልተሩ ውስጥ የከሰል ማጣሪያ ጨምሪ፣ በመዳብ መለኪያ አይተሽ ነጻ ሳይሆን አዲስ አትግዢ። ቀጣይ ጊዜ የታመመውን ዓሣ ለብቻው ዕቃ ውስጥ አክሚው።

ጥያቄ፦ ቤታ ዓሣ አለኝ፣ ኔራይት ይስማማዋል?

መልስ፦ እንደ ጠባዩ ነው። አንዳንዱ ቤታ ልብ አይለውም፣ አንዳንዱ ቀንዱን ትል መስሎት ሲነክሰው ይውላል። የመጀመሪያውን ቀን አጠገቡ ሆነህ ተከታተል። ፓፈር ዓሣ ካለህ ግን አታስበው፣ ቅርፊቱን ሰብሮ ነው የሚበላው።

ጥያቄ፦ የእኔ መስታወት ንጹህ ነው፣ ውሃው ራሱ ነው አረንጓዴ የሆነው፣ ዓሦቹ እንኳ አይታዩም። ስንት ቀንድ አውጣ ልግዛ?

መልስ፦ ዜሮ። ያንተ አልጌ ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፍ ነው፣ ቀንድ አውጣ ደግሞ የተለጠፈ ነገር ነው የሚበላው። መብራቱን አጥፋና ገንዳውን ብርሃን በማያሳልፍ ጨርቅ ለሦስት አራት ቀን ሸፍነው፣ ፊልተሩና የአየር ፓምፑ ግን እንዳይቆሙ፤ የሚሞተው አልጌ ኦክስጅን ይሻማል። ስትገልጠው ከግማሽ ያነሰውን ውሃ ቀይር፣ በማግስቱም ድገመው። ተመልሶ ከመጣ አልትራቫዮሌት መብራት ያለው ማጣሪያ ገዝተህ አስገጥም።